በደጋ ተራራ ከቤተ ሰብ ጋር በድንኳን ስለ ማደር

ነጋዴ ለዕረፍት ጊዜ የለውም ይባላል። የሱቁ መዝጊያ ከተከፈተበት ሰዓት ጀምሮ እስኪዘጋ ድረስ ሒሳቡ፥ ቀረጡ፥ የዕቃው መምጣትና መሄድ አሳቡን ስለሚይዘው፥ ልጆቹ አድገው ከቤት እስኪወጡ ድረስ አንድ ሳምንት እንኳ አብሯቸው ያልዋለ አባት ጥቂት አይደለም። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን በአዲስ አበባም በደሴም የሚኖሩ አንዳንድ ቤተ ሰቦች በበዓልና በትምህርት ቤት ዕረፍት ወራት ድንኳን ጭነው፥ ከዋናው ጐዳና ወጥተው፥ በተራራ ላይ አንድ ሁለት ሌሊት ማደርን ልማድ ማድረግ ጀምረዋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለት ነው። አንደኛው፥ ይህ ዐይነቱ ጉዞ በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፥ ይኸውም በመካነ ሰላምና በአካባቢው፥ እንዴት በደኅና ሊፈጸም እንደሚችል ማስረዳት ነው። ሁለተኛው፥ ከጉዞው የሚወጣው ገንዘብ ለማን እንደሚደርስ ለአስመጪውም፥ ለላኪውም፥ ለባለ ሱቁም ማሳሰብ ነው።

ነገሩ ለእኛ አገር አዲስ አይደለም። የጥንቱ ሲራራ ነጋዴ ጨውን፥ ቡናንና ጨርቅን በበቅሎና በአህያ ጭኖ አገር ሲያቋርጥ፥ ማታ ማታ ውሃና ሣር ካለበት ቦታ ጭነቱን አራግፎ፥ እሳት አንድዶ፥ ዘብ አቁሞ ያድር ነበር። ነጋድራስ የሚለው ማዕርግ ትርጓሜው የነጋዴዎች ራስ ማለት መሆኑን ሁሉም ያውቀዋል። ሰፈር የምንለውም ቃል መስፈር ከሚለው የወጣ ነው፤ በአዲስ አበባ አንዳንድ ሰፈሮች እስከ ዛሬ በመኳንንት ስም የሚጠሩት፥ መኳንንቱ ከነሠራዊታቸው ድንኳን ተክለው የሰፈሩባቸው ቦታዎች ስለ ነበሩ ነው። ልዩነቱ፥ አባቶቻችን በግዴታ ያደረጉትን እኛ ለደስታ ማድረጋችን ነው። ለደስታ የሚደረግ ነገር ግን ዝግጅቱ ችላ ስለሚባል፥ አደጋው ይበዛል።

ስለ አገሩ አቀማመጥ

መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከደሴ የሚነሣ መንገደኛ በአቀስታ በኩል አድርጎ ይደርስባታል። ወደ ምዕራብ አገሩ እየተቆረጠ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል፤ ከሸለቆው ማዶ የሚታየው ጎጃም ነው። ወደ ሰሜን ሳይንት አለ፤ በሳይንትና በለጋምቦ በኩልም ከደቡብ ወሎ ከፍተኛ ተራሮች አንዱ የሆነው አምባ ፈሪት ይታያል።

በዚሁ አካባቢ ደንቆሮ ጫካ እየተባለ ሲጠራ የኖረውን የተፈጥሮ ደን የአማራ ክልል መንግሥት በ2001 ዓ.ም. የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ አድርጎ ከለለው። ስፋቱ በመጀመሪያ ከ4000 ሄክታር ጥቂት የሚበልጥ ሲሆን፥ ኋላ በወረሂመኖ በኩል ተጨምሮለት ከ15000 ሄክታር በላይ ሆኗል። የደኑ ዝቅተኛ ቦታ ከ1900 ሜትር ገደማ ተነሥቶ፥ ከፍተኛው ከ3600 ሜትር በላይ ይደርሳል። ስለዚህ በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ መንገደኛው ከወይራና ከጥድ ተነሥቶ፥ በኮሶና በአስታ መካከል አልፎ፥ ጅብራና ጓሳ ሣር ወደ በቀለበት ውርጭ ሊወጣ ይችላል። ጭላዳ ዝንጀሮ፥ ዱኩላ፥ ነብርና ሰስ በዚያ ይኖራሉ። በዓለም ሁሉ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኘው፥ ቁጥሩም በጠቅላላ 500 ያህል ብቻ እንደ ሆነ የሚገመተው ቀይ ቀበሮ ከሚኖርባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ይኸው ነው።

ስለ ወራቱና ስለ ብርዱ

ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም መንገዱን ስለሚያበላሸው ለዚህ ጉዞ አይመችም። በወሎ ደጋ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የበልግ ዝናብ ሊኖር እንደሚችልም መዘንጋት አይገባም። የተሻለው ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ነው፤ ሰማዩ ጥርት ይላል፥ መንገዱም ይደርቃል። ነገር ግን ሰማዩ ጥርት ባለ መጠን የሌሊቱ ብርድ ይበረታል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ከፍ ባለው ቦታ ላይ ማለዳ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ይገኛል።

ብርዱን አስቀድሞ ለመገመት የሚረዳ ቀላል ሒሳብ አለ። ከፍታው በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በስድስት ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ደሴ ላይ ጋቢ ለብሶ የሚበርደው ሰው፥ ከደሴ 1000 ሜትር ከፍ ብሎ በድንኳን ሲያድር ምን እንደሚያስፈልገው ራሱ ሊያስብ ይችላል። ከቆላ አገር ወይም ከባሕር ማዶ የመጡ ዘመዶች አብረው ካሉ ደግሞ፥ በመጀመሪያው ቀን በቀጥታ ወደ ተራራው ጫፍ ማውጣት አይገባም። አንድ ሌሊት መካነ ሰላም አድረው ቢወጡ ይሻላል። ራስ ምታትና ማስታወክ የበረታበት ሰው ካለ፥ መድኃኒቱ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ዝቅተኛ ቦታ መውረድ ነው።

ስለ መኪናውና ስለ መንገዱ

ከዋናው መንገድ ለሚወጣ ጉዞ አራቱም ጎማ የሚጎትት፥ ከመሬት ከፍ ያለ መኪና ያስፈልጋል። እንዲህ ያለውም መኪና ቢሆን ኀይሉ በተራራ ላይ እንደ ቆላው አይሆንም፤ አየሩ ስለሚሳሳ፥ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከኀይሉ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ስለዚህ በፖርቶ መጋላው ላይ የሚጫነው ዕቃ የተመጠነ መሆን አለበት። ከባድ ዕቃ ከላይ የተጫነበት መኪና በጎን ዘመም በሆነ መንገድ ላይ ሚዛኑን ይስታል።

ቁልቁለትን በፍሬን ብቻ መውረድ ታላቅ ስሕተት ነው፤ ፍሬኑ ግሎ መያዙን ይተዋል። ዳገቱን በወጡበት ከባድ ማርሽ ቁልቁለቱን መውረድ የቆየ የሹፌሮች ሕግ ነው። ዝናብ የነካው ዋልካ መሬት ካጋጠመም በጉልበት ለማለፍ ከመታገል እስኪደርቅ መጠበቅ ይበልጣል። ሁለት ትርፍ ጎማ፥ ክሪክና ከክሪኩ ሥር የሚደረግ ጣውላ፥ መፍቻ፥ አካፋ፥ የመጎተቻ ገመድ፥ አንድ ጀሪካን ነዳጅ፥ እንዲሁም የጎማ መንፊያ ሳይያዝ መነሣት አይገባም፤ ጎሚስታ በተራራ ላይ አይገኝምና። ሁለት መኪና አብሮ ቢሄድ አንዱ ሌላውን ያወጣዋል። ከሁሉ በላይ ግን ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ማረፊያ ቦታ መድረስ ይገባል፤ በእኛ አገር ፀሐይ ከገባች በኋላ ጨለማው ፈጥኖ ይወድቃል።

ድንኳን የሚተከልበት ቦታ ደረቅና ነፋስ የማይመታው ይሁን። በደረቅ ወንዝ ውስጥና በገደል ሥር አይተከልም፤ በላይ አገር የዘነበው ዝናብ በሌሊት ጎርፍ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ሰው ያረሰውን ወይም ለከብቱ ያጠረውን ቦታ ባለቤቱን ሳይጠይቁ መርገጥም ነውር ነው።

ስለ መኝታው

በዚህ ረገድ በራሴ ላይ የደረሰውን መናገር ይጠቅማል። በታኅሣሥ ወር 2011 ዓ.ም. በጸሐፊነት ከማገለግላቸው ነጋዴ ጋር፥ የሁለታችንንም ቤተ ሰብ በሁለት መኪና ጭነን ወደዚያው ደጋ ሄደን ነበር። የዕቃውን ዝርዝር የጻፍሁት እኔ ነኝ። ተራ ቁጥር ያለው፥ በሁለት ግልባጭ የተዘጋጀ፥ የጎደለ የማይመስል ዝርዝር ነበር። ለእያንዳንዱ ሰው ከላይ የሚለበስ ሁለት ሁለት ብርድ ልብስ ጽፌያለሁ፤ ከሥር የሚነጠፈው ግን አንድ ስስ ላስቲክ ብቻ ነበር።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን የስድስት ዓመት ልጄ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ባለቤቴ ሦስተኛ ብርድ ልብስ ደረበችላት፤ ለውጥ የለም። ጥቂት ቆይታ መንቀጥቀጧን ተወች፤ ሲያናግሯትም አጥርታ መመለስ አቃታት። እኔ የሞቃት መስሎኝ ደስ አለኝ። ኋላ እንደ ተረዳሁት ግን፥ ብርድ የመታው ሰው መንቀጥቀጡን ሲያቆምና አፉ ሲተሳሰር አደጋው እየባሰ መሄዱን ያሳያል እንጂ መዳኑን አያሳይም። ነጋዴው በድንጋጤ የከሰሉን ፍም ወደ ድንኳኑ ሊያስገቡ ሲሉ፥ በጥበቃ አብረውን ያደሩት የአገሩ ሽማግሌ እጃቸውን ያዟቸው።

«አብሽሩ፥ ጌታው» አሉ፤ «እሳቱ ከውጭ ይቅር። ብርዱ የገባባት ከላይ አይደለም፥ ከሥር ነው።»

ይህን ብለው ከአቅራቢያው ቤት አንድ ሸክም ጭድና ሁለት ባና አስመጡ። ጭዱን ጎዝጉዘው፥ አንዱን ባና ከላዩ አንጥፈው፥ ልጅቱን እናቷ አቅፋ እንድትተኛ አድርገው፥ ሁለተኛውን አለበሷቸው። ቀስ በቀስ መንቀጥቀጡ ተመለሰ፤ ቀጥሎም ሞቃት። ሊነጋ ሲል ሻይ ጠየቀች። እኔም ከዚያ ወዲያ ዝርዝር ጽፌ ጨርሻለሁ ብዬ በድፍረት መናገር ትቻለሁ።

የሽማግሌው ሥራ ምክንያቱ ግልጽ ነው። የቀዘቀዘ መሬት ከተኛው ሰው ሰውነት ሙቀቱን ያለ ማቋረጥ ይስባል፤ ከላይ የተደረበው ብርድ ልብስ ይህን ሊከላከል አይችልም። ጭዱ አየር ስለሚይዝ መሬቱንና ሰውነትን ይለያያል። ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና ደግሞ ጤዛ ቢነካው እንኳ ማሞቁን አይተውም፤ ጥጥ ግን ከረጠበ ራሱ ያበርዳል። ስለ ከሰሉም ሽማግሌው ያደረጉት ትክክል ነው። በተዘጋ ድንኳን ውስጥ የገባ ፍም ሽታም መልክም የሌለው መርዘኛ አየር ያወጣል፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ቤተ ሰብ ይዞ የሚሄድ ሁሉ ከዚህ ጽሑፍ ሌላውን ቢረሳ ይህን አንዱን እንዳይረሳ አደራ እላለሁ።

ስለ ስንቁ

ውሃ በ100 ዲግሪ ሙቀት የሚፈላው በባሕር ወለል ላይ ነው። በ3500 ሜትር ከፍታ ላይ በ88 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ ድስቱ ቢንተከተክም ባቄላውና አተሩ ቶሎ አይበስልም፤ ነዳጁ ያልቃል፥ ልጆቹም በረኃብ ያለቅሳሉ። ለተራራ የሚስማማው የአባቶቻችን ስንቅ ነው፤ በሶ፥ ጭኮ፥ ቆሎ፥ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ ማብሰል አይፈልጉም፤ ሽሮና የምስር ክክም ፈጥነው ይደርሳሉ። የወንዝ ውሃ ለመጠጥ ከሆነ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ ያህል በእሳት ላይ ይቆይ።

ስለ ደኑ ሥርዐት

ወደ ፓርኩ የሚገባ ሰው አስቀድሞ ለጽሕፈት ቤቱ ማስታወቅና የአገሩን ጠባቂ ወይም መንገድ መሪ ይዞ መሄድ ይገባዋል። የቤት ውሻ ይዞ መሄድ ፈጽሞ አይገባም። የቀይ ቀበሮ ታላቅ ጠላት ከውሻ የሚተላለፍ በሽታ፥ በተለይም የእብደት በሽታ ነው፤ አንድ የታመመ ውሻ የአንድን ተራራ ቀበሮዎች ሊፈጅ ይችላል። አስታና ኮሶ ቆርጦ ማንደድም የተከለከለ ነው፤ የባሕር ዛፍ እንጨት ከከተማ ገዝቶ መውጣት ይገባል። ቆርቆሮና ላስቲክ እንደ መጣ ተጭኖ ይመለስ።

ሕዝቡ ራሱ ተራራውን ጠብቆ እንግዳ ሲያስተናግድ ምን ያህል ሊጠቀም እንደሚችል የሚያሳይ ምሳሌ በክልሉ ውስጥ አለ። በመንዝ የጓሳን ሣርና ዱር ነዋሪው በራሱ ደንብ ከ400 ዓመት በላይ ጠብቆ አቆይቷል። በሰሜን ወሎ በመቄት ወረዳም ከ1990ዎቹ ዓመታት ወዲህ ገበሬዎች በገደል አፋፍ ላይ የእንግዳ ማረፊያ ጎጆዎች ሠርተው፥ የእግር ተጓዦችን እየተቀበሉ ገቢውን ለማኅበራቸው አድርገዋል።

ስለ ገበያው

ከዚያ ጉዞ ስንመለስ መካነ ሰላም ላይ ክብሪት ለመግዛት ከአንዲት ባለ ሱቅ ዘንድ ቆምን። እድሜያቸው የገፋ፥ ንግግራቸው የለዘበ ሴት ናቸው። በመኪናው ላይ የተጫነውን ባዶ የውሃ ዕቃና የዳቦ ካርቶን አይተው እንዲህ አሉኝ፤

«ወንድሜ፥ ዳቦውንም ውሃውንም ከደሴ ጭናችሁ መጣችሁ፤ ከእኔ የገዛችሁት አንድ ክብሪት ነው። አቧራችሁን ግን ሙሉውን ለእኔ ትታችሁልኝ ትሄዳላችሁ።»

የምመልሰው ስላጣሁ «እውነትዎን ነው፥ እትዬ» ብዬ ዝም አልሁ። ቤቴ ገብቼ የጉዞውን ሒሳብ ስዘጋ ግን ቃላቸው በወረቀት ላይ ተገኘ። ከወጪው ሁሉ በቦረና ምድር የቀረው የመግቢያው፥ የጥበቃው፥ የጭዱና የክብሪቱ ዋጋ ብቻ ነበር። ልጄን ያተረፈው ባና በዝርዝሬ ውስጥ አልነበረም፤ በአገሩ ገበያ ግን በዋጋው ይሸጥ ነበር።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለሦስቱም ዐይነት ነጋዴ ነው። በመካነ ሰላም፥ በአቀስታና በአጅባር ያለ ባለ ሱቅ፥ መንገደኛ የሚፈልገውን አስቀድሞ አዘጋጅቶ ቢገኝ መንገደኛው ከሩቅ አይጭንም። የታሸገ በሶና ድርቆሽ፥ የባሕር ዛፍ እንጨት በእስር፥ ማር፥ ዕንቁላል፥ የባትሪ ድንጋይ፥ እንዲሁም የሚከራይ ባናና የጭነት በቅሎ ብዙ ካፒታል የማይጠይቁ ዕቃዎች ናቸው። ዋጋው ግን ለሁሉ አንድ ይሁን፤ እንግዳ ነው ተብሎ የተጨመረበት ሰው ሁለተኛ አይመጣም፥ ለባልንጀራውም ይናገራል።

አስመጪውም ሊያስብበት የሚገባ ነገር አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ በብር ሲታሰብ ዋጋው ከፍ ብሏል። ስለዚህ ከውጭ መምጣት ያለበት እዚህ የማይሠራው፥ ለምሳሌ የመኝታ ከረጢት፥ ቀላል የድንኳን ምሰሶና አነስተኛ የጉዞ ምድጃ ነው። ሸራውን ለአገራችን ድንኳን ሰፊዎች መተው ይቻላል፤ ወለሉ ከግድግዳው ጋር አብሮ እንዲሰፋ ካዘዟቸው በጥሩ ሁኔታ ይሠሩታል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ተከለከለ ደግሞ፥ በተራራ መንገድ የሚሠሩት አሮጌ መኪናዎች ገና ብዙ ዓመት ማገልገላቸው አይቀርም። ጥሩ ጎማ፥ የፍሬን ሸራና መለዋወጫ የሚያቀርብ ነጋዴ ገበያ አያጣም።

ላኪው ባናውን ቢመለከተው መልካም ነው። ጠጉሩ በደንብ ታጥቦ ቅባቱና ሽታው ከወጣለት፥ መጠኑም በአንድ ልክ ከተሠራ፥ በውርጭ ሌሊት ሲሞቀው ያደረ እንግዳ ከማንም ማስታወቂያ ይልቅ ይመሰክርለታል።

መደምደሚያ

ከላይ የተጻፈው ሁሉ የሚጠቅመው ሰላም ሲኖር ነው። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴ ድረስ ደርሶ እንደ ነበር አይዘነጋም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም በአማራ ክልል በተነሣው የትጥቅ ግጭት የብዙ ቦታ መንገድ ተቋርጧል፥ ንግዱም ተጎድቷል፥ ከሁሉም በላይ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ ልጆችን ይዞ ለደስታ ወደማይታወቅ መንገድ መውጣት አስተዋይነት አይደለም። የመንገዱን ሁኔታ ከማንም ቀድሞ የሚያውቀው የጭነት መኪና ሹፌርና ከእርሱ ዕቃ የሚረከበው ነጋዴ ስለ ሆነ፥ አስቀድሞ እነርሱን መጠየቅ ይገባል። አጠራጣሪ ከሆነ ጉዞው ለሌላ ዓመት ይቆይ፤ ተራራው ከቦታው አይሄድም።

እስከዚያው ድረስ ግን ባለ ሱቁ ዕቃውን፥ ሰፊው ሸራውን፥ አባትም ዝርዝሩን እያዘጋጀ ሊቆይ ይችላል። እኔ የበኩሌን ዝርዝር አርሜ በመሳቢያዬ ውስጥ አኑሬዋለሁ። በአንደኛ ተራ ቁጥር ላይ የተጻፈው፥ ከሥር የሚነጠፍ ባና፥ ከመካነ ሰላም የሚገዛ፥ የሚል ነው።